አልቀላ ያለው ሽንሽን ቲማቲም

ስሙኝማ። ሰሚ ካለ ነገር ከነገር ይመዘዛል።

አንዲት ሴት ነበረች፤ ስሟ ይመኙሻል። ደሴ ውስጥ፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ሦስት ቤቶች አንድ በር በሚጋሩበት ግቢ ትኖር ነበር። የምትፈልገው ብዙ አልነበረም፤ አንድ ቀይ ቲማቲም ብቻ። ሁለት አላለች፤ ዘንቢል ሙሉ አላለች። አንድ። እሱንም ከገበያ አይደለም። የምትፈልገው በገዛ ደጇ፣ በአሮጌ የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ የበቀለውን ነው።

ቲማቲሙን የዘራው ባሏ ምስጋናው ነው። ምስጋናው ጣራ ሠሪ ነበር፤ ቀን የሰው ቤት ቆርቆሮ ሲመታ ይውልና አመሻሽ ላይ የራሱን ቆርቆሮዎች ይኮተኩታል። የዘይት ቆርቆሮ በሉት፣ አፉ የተቆረጠ ቢጫ ጀሪካን በሉት፣ እጀታው የወለቀ የቀለም ባልዲ በሉት፣ ሥሩን በሚስማር ይበሳል፣ ጠጠር ያነጥፋል፣ አፈርና የበግ ፍግ ደባልቆ ይሞላዋል። የሚዘራው ደግሞ አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ እናቱ በቦርከና ወንዝ ዳር ካለው ጓሯቸው ቆንጥረው ያስያዙት፣ ገላው እንደ ሽንሽን ቀሚስ እጥፍ እጥፍ ያለ ቲማቲም። የገበያው ቲማቲም እንደ እንቁላል ልሙጥ ነው። ይሄኛው ሽንሽን ነው። ምስጋናው በየዓመቱ ቀድሞ የቀላውን ይመርጥና ዘሩን አመድ ላይ ያደርቀዋል፤ የቀረውን ለግቢው ያድላል።

ዘንድሮ ግን ያለውን ዘር ሁሉ ዘራው፤ ለከርሞ ብሎ አላስቀረም። ለከርሞ የሚሆነውን ከዘንድሮው ፍሬ እወስዳለሁ ብሎ ነበር። ችግኙ ሲያብብ ምስጋናው ታመመ። ፍሬው ሲቋጠር ምስጋናው አልነበረም።

እንግዲህ ዘሩ ካለ፣ ያለው በእነዚያ አረንጓዴ ፍሬዎች ውስጥ ነው። አረንጓዴ ፍሬ ደግሞ ዘር አይሆንም። ይመኙሻል አንዱን ቆርጣ አየችው፤ ዘሩ ገና ውሃ ነው። አንዱን እንደ ማንጎ ጤፍ ውስጥ ቀበረችው፤ ተጨማዶ ወጣ። ግንቦት ገብቷል። ሰኔ ሲመጣ ደመናው ጦሳ ላይ ይቀመጥና እስከ መስከረም አይነሣም። ከዚያ በፊት አንድ እንኳ ካልቀላ የሽንሽኑ ዘር እዚያው ያበቃል። የምስጋናው እናት ካረፉ ቆይተዋል፤ ጓሯቸውም መንገድ ወጥቶበታል።

ስለዚህ ይመኙሻል አንድ ማለዳ ከቆርቆሮው ፊት ቁጢጥ ብላ፣ «አንተ ቲማቲም፣ ለምን አትቀላም?» ስትል ጠየቀችው።

ቲማቲሙም፣ «መቅላት ጠልቼ ነው? ፀሐይ ካላየችኝ በምን ልቅላ? በኀፍረት?» አላት።

ፀሐይ ካላየች ቲማቲሙ አይቀላም።

ቀና አለችና ፀሐይን ጠየቀቻት። ፀሐይም፣ ማየቱን አልጠላሁም አለች። ገና ከገደሉ ማዶ ብቅ ከማለቴ ፊቴ ላይ ብርድ ልብስ ይሰቀላል፤ ብርድ ልብሱ ሲነሣ ደግሞ ጦሳ ይውጠኛል፤ እኔ ምን ላድርግ አለች።

እውነቷን ነው። በዚያ ግቢ ፀሐይ የምታርፍባት ጥግ አንዲት ናት፤ የልብስ ገመዱም የተወጠረው እዚያችው ጥግ ላይ ነው። ቆርቆሮውን ወደ ሌላ ቦታ ለምን አታዞረውም የሚል ይኖራል። አዙራ ነበር። አንዱን ባልዲ ወደ በሩ ብትወስደው ደፋር የሚባለው ውሻ ሲሮጥ ገለበጠውና ግንዱ ተቀነጠሰ። የቀሩትን ምስጋናው ራሱ ከግድግዳው ሚስማር ጋር በሲባጎ አስሯቸዋል። ያንን ቋጠሮ ለመፍታት ሞክራ እጇ አልታዘዝ አላት።

ብርድ ልብሱ ካልወረደ ፀሐይ አታይ፤ ፀሐይ ካላየች ቲማቲሙ አይቀላም።

ብርድ ልብሱ ትልቅ ነው፤ አፉን የከፈተ ነብር ተሥሎበታል። ይመኙሻል ነብሩን ዓይን ለዓይን እያየች፣ ለምን አትወርድም አለችው። ነብሩም፣ በርጥብ ገላዬ ማን አልጋው ላይ ያወጣኛል? የሚያረጥበኝን ጠይቂ አላት።

የብርድ ልብሱ ባለቤት ዘምዘም ናት፤ ከጎን ባለው ቤት ከትንሿ ልጇ ከሐያት ጋር የምትኖር ወጣት ሴት። ባሏ የጭነት መኪና ስለሚነዳ ከቤት የሚርቅበት ጊዜ ይበዛል። በየማለዳው ብርድ ልብሱን ስትሰቅል ሐያት አርጥባው ነው ትላለች። ግቢው በልጅቷ ሲስቅ ከርሟል። በሦስተኛው ቤት የሚኖሩት ጡረተኛው ሻምበል አስናቀ እንኳ አንድ ጊዜ፣ «ይህች ልጅ ቦርከናን ጠጥታ ነው እንዴ የምትተኛው?» ብለው ነበር።

ይመኙሻል ከቤቷ ላስቲክ ፈልጋ፣ አጣጥፋ፣ ፍራሹ ላይ አንጥፊው ብላ ወሰደችላት። ዘምዘም ተቀበለች። አመሰገነች። ልትገባ ዞር አለችና ደፉ ላይ ቆመች።

«ወላሂ እትዬ፣ ልጄ አታረጥብም» አለች። «ከተወችው ቆየች። ጣራው ነው። ሌሊት በዘነበ ቁጥር አልጋችን ላይ ነው የሚወርደው።»

«ታዲያ ጣራው ነው አትዪኝም ነበር? ልጅቷን ከምታሰድቢያት?»

«ለእርስዎ ነው ጣራ አፈሰሰ የምለው? የሚጠግነው ማን ነበርና?»

ሁለቱም ቀና ብለው ጣራውን አዩ። ሐያትም አየች፤ ስድቧ የተነሣላት ያህል ደረቷን ነፋ አድርጋ።

ጣራው ካልገጠመ ብርድ ልብሱ አይወርድ፤ ብርድ ልብሱ ካልወረደ ፀሐይ አታይ፤ ፀሐይ ካላየች ቲማቲሙ አይቀላም።

ይመኙሻል ጣራውን፣ ለምን አትገጥምም አለችው። ጣራውም፣ ጠርዜን የሚጫነኝ ድንጋይ አልረጋ አለ፤ ነፋሱ ባነሣኝ ቁጥር እከፈታለሁ አላት። ድንጋዩን፣ ለምን አትረጋም አለችው። ድንጋዩም፣ እኔ እግር ያለኝ ይመስልሻል? ድመቷ እየረገጠች ነው የምታንከባልለኝ አላት። ድመቷ እዚያው ጣራው ላይ ተጋድማ ጭራዋን ትልሳለች።

ድመቷ ካልወረደች ድንጋዩ አይረጋ፤ ድንጋዩ ካልረጋ ጣራው አይገጥም፤ ጣራው ካልገጠመ ብርድ ልብሱ አይወርድ፤ ብርድ ልብሱ ካልወረደ ፀሐይ አታይ፤ ፀሐይ ካላየች ቲማቲሙ አይቀላም።

«ነይ ውረጂ፣ ውሮ» አለቻት ይመኙሻል። ድመቷ መልስ እንኳ አልሰጠችም፤ በአገጯ ወደ ታች አሳየቻት። ከታች ደፋር ቀና ብሎ ቆሟል፤ ምላሱን አውጥቷል። ደፋርን፣ ምነው ከዚህ ብትሄድ አለችው። ደፋርም፣ ያልታሰረ ውሻ ድመት ካላባረረ ምን ሥራ አለው? ካናደድኩሽ አስሪኝ፤ ማሰሪያዬ ግን በሻምበል እጅ ነው አላት።

ውሻው ካልታሰረ ድመቷ አትወርድ፤ ድመቷ ካልወረደች ድንጋዩ አይረጋ፤ ድንጋዩ ካልረጋ ጣራው አይገጥም፤ ጣራው ካልገጠመ ብርድ ልብሱ አይወርድ፤ ብርድ ልብሱ ካልወረደ ፀሐይ አታይ፤ ፀሐይ ካላየች ቲማቲሙ አይቀላም።

ሻምበል አስናቀ ደጃቸው ላይ ወንበራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ኮፍያቸውን ዓይናቸው ላይ ደፍተው ያንኮራፋሉ። የውሻው ሰንሰለት ጭናቸው ላይ ነው። ይመኙሻል ጉሮሮዋን ጠረገች። ዘምዘምም ልጇን አዝላ ከኋላዋ መጥታለች፤ ነገሩ የት እንደሚደርስ ማየት ፈልጋለች።

«ሻምበል፣ ምነው ደፋርን ቢያስሩት?»

አንድ ዓይናቸው ተከፈተ። «ውሻ የሚያስር ሰው ቀን መንቃት አለበት። እኔ ቀን ተኚ ነኝ።»

«ሌሊትስ ምን ያደርጋሉ?»

«ሌሊት ዘብ ነኝ።»

ከዚያ ነገሩን ነገሯት። የበሩ አምፖል ከተቃጠለ ሰንብቷል። ጨለማው ከመጣ ወዲህ የዘምዘም ሳፋ ከደጇ ተሰርቋል። ባሏ የሞተባት ሴትና ሕፃን ያቀፈች ሴት ተኝተው እኔ ባንኮራፋ ወታደርነቴ ምን ሊረባ ብለው፣ ሌሊቱን በመስኮት በኩል በሩን ሲጠብቁ ያድራሉ። አዛን ሲሰሙ ዘባቸውን ያስረክባሉ። ለማን እንደሚያስረክቡ እሳቸውም አያውቁም።

አምፖሉ ካልበራ ሻምበል አይተኙ፤ ሻምበል ካልተኙ ውሻው አይታሰር፤ ውሻው ካልታሰረ ድመቷ አትወርድ፤ ድመቷ ካልወረደች ድንጋዩ አይረጋ፤ ድንጋዩ ካልረጋ ጣራው አይገጥም፤ ጣራው ካልገጠመ ብርድ ልብሱ አይወርድ፤ ብርድ ልብሱ ካልወረደ ፀሐይ አታይ፤ ፀሐይ ካላየች ቲማቲሙ አይቀላም።

ይመኙሻል አምፖል ጠፍቶ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ሻምበል ከኮታቸው ኪስ አዲስ አምፖል ከነካርቶኑ አውጥተው አሳዩዋት። ካርቶኑ ኪስ ውስጥ ከመክረሙ የተነሣ ጠርዙ ተልጧል። ታዲያ ምን ያስጠብቀዋል አለች። ምሰሶው ከፍ ያለ ነው አሉ። ወንበር ላይ ቢቆሙስ አለች። በዚህ የተመታ እግሬ አሉ። መሰላል አይዋሱም ወይ አለች።

ሻምበል አምፖሉን ቀስ ብለው ወደ ኪሳቸው መለሱት። ዘምዘም የሐያትን እግር ማሻሸት ጀመረች።

«ሻምበል፣ መሰላል የለም ወይ?»

«አለ እንጂ።»

«የት?»

ሰንሰለቱን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩት። «አንቺ ቤት» አሉ።

በዚያ ግቢ አንድ ደንብ አለ። ማን እንዳወጣው አይታወቅም፤ የጣሰው ግን የለም። የሟችን መሣሪያ ባለቤቲቱ በገዛ እጇ አንሥታ ካልሰጠች አይጠየቅም። መዶሻ ቢሆን፣ አካፋ ቢሆን፣ መሰላል ቢሆን። ዘምዘምና ሻምበል ተመካክረውበት ነበር። ከጎረቤት ግቢ እንዋስ ተባብለው እስከ በሩ ደርሰዋል። ግን የሰው መሰላል ተሸክመው በእሷ ደጅ ሲያልፉ ብታይ፣ ሰውየው ሞተ፣ መሰላሉም ተተካ ትላለች ብለው ፈሩ። ስለዚህ ሻምበል ጨለማውን መረጡ፤ ዘምዘም ርጥቡን አልጋ መረጠች። የሟቹንም ስም በእሷ ፊት ላለማንሣት ተስማሙ። ከሞተ ወዲህ «ምስጋናው» ብሎ የጠራ ሰው በዚያ ግቢ አልነበረም።

ይመኙሻል ይህን ሰምታ፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ በከንፈሯ ብቻ ቆጠረችው።

እኔ ካልሰጠሁ መሰላሉ አይወጣ፤ መሰላሉ ካልወጣ አምፖሉ አይበራ፤ አምፖሉ ካልበራ ሻምበል አይተኙ፤ ሻምበል ካልተኙ ውሻው አይታሰር፤ ውሻው ካልታሰረ ድመቷ አትወርድ፤ ድመቷ ካልወረደች ድንጋዩ አይረጋ፤ ድንጋዩ ካልረጋ ጣራው አይገጥም፤ ጣራው ካልገጠመ ብርድ ልብሱ አይወርድ፤ ብርድ ልብሱ ካልወረደ ፀሐይ አታይ፤ ፀሐይ ካላየች ቲማቲሙ አይቀላም።

ገባች።

መሰላሉ በአልጋዋ ጎን በግድግዳው ጥግ ተጋድሟል። የለቅሶው ድንኳን ሲተከል መንገድ እንዳይዘጋ ብለው ያስገቡት ጎረቤቶች ናቸው። መልሶ ያወጣው የለም፤ ይውጣ ያለም የለም። ምክንያቱን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ከመሰላሉ መርገጫዎች አንዱ ላይ የደረቀ ጭቃ አለ፤ የጫማ ሶል ዱካ ያለበት። ምስጋናው ለመጨረሻ ጊዜ ከሰው ጣራ ሲወርድ የረገጠው ነው። ልብሱን ሰጥታለች፤ ጫማውንም ሰጥታለች፤ ያንን ጭቃ ግን ለማን ትሰጣለች? ቤቱን ስትጠርግ ዙሪያውን ትጠርጋለች። መሰላሉ ወጥቶ አንድ ሰው ከረገጠው ጭቃው ይረግፋል። ከዚያ በኋላ እግሩ በዚህ ምድር ላይ የት ይገኛል?

ስትዘገይባቸው ሻምበል እያነከሱ እስከ ደፉ መጡ። ዓይኗ ያረፈበትን አዩ። ኮፍያቸውን አወለቁ።

«እሷን መርገጫ አንነካትም» አሉ ቀስ ብለው። «እንዘላታለን።»

«በዚያ እግርዎ?»

«በዚህ እግሬ።»

«እንግዲያው እድሩ ድንኳኑን ደግሞ ያዘጋጅ» አለች ይመኙሻል። ይህን ብላ ሳቀች። ሳቁ ከየት እንደመጣ ለራሷም ገረማት። ሻምበልም ሳቁ፤ ውጭ የቆመችው ዘምዘም ምን እንደተባለ ሳትሰማ አብራ ሳቀች።

ሳቁ ሲያልፍ ይመኙሻል ቢላ አነሣች። ከመርገጫው ሥር ቀሚሷን ዘረጋች፤ ጭቃውን ቀስ ብላ ፋቀችው። ወደ ደጅ ወጥታ በዘይት ቆርቆሮው ውስጥ፣ ከሽንሽኑ ግንድ ሥር በጣቶቿ አደቀቀችው። ጥቂት ውሃ አርከፈከፈችበት።

«አፈር ነው» አለች። «አፈር ደግሞ ቦታው እዚህ ነው።» ከዚያ ወደ ዘምዘም ዞረች። «በይ ነይ፤ የምስጋናውን መሰላል በዚያ በኩል ያዢልኝ።»

ስሙ በግቢው ተጠራ። ማንም ምንም አልሆነም።

መሰላሉ ወጣ። ሻምበል አልወጡበትም፤ ዘምዘም ናት ሱሪ ከቀሚሷ ሥር አጥልቃ የወጣችው። ሻምበል ከታች መሰላሉን ጨብጠው ምሽግ እንደሚያስይዙ ሁሉ፣ ግራ እጅሽን አጥብቂ፣ ቀኝ እጅሽን አዙሪ፣ ወደ ታች አትይ እያሉ አዘዙ። ዘምዘምም አንዴ ዝም ይበሉ ሻምበል፣ አምፖል ነው የማጠልቀው ጠላት አልከበበኝም አለቻቸው።

መሰላሉ ወጣ፤ አምፖሉ በራ። አምፖሉ በራ፤ ሻምበል ተኙ፤ እንዲያውም ማንኮራፋታቸው ሦስቱንም ቤት አዳረሰ። ሻምበል ተኙ፤ በማግስቱ ነቅተው ዋሉ፤ ውሻው ታሰረ። ውሻው ታሰረ፤ ድመቷ ወረደች፤ ወርዳም በደፋር ፊት ሰንሰለቱ እስከማይደርስበት ድረስ ተጎማለለች። ድመቷ ወረደች፤ ዘምዘም ሚስማርና መዶሻ ከይመኙሻል ተቀብላ ደግማ ወጣች፤ ድንጋዩ ረጋ። ድንጋዩ ረጋ፤ ጣራው ገጠመ። ሌሊት ዘነበ፤ አልጋው ደረቅ አደረ። ብርድ ልብሱ ከገመድ ወረደ፤ ነብሩ አልጋ ላይ ተጋደመ። ፀሐይ ከገደሉ ማዶ ብቅ አለች፤ የሚጋርዳት የለም። አየች።

ፀሐይ አየች፤ ቲማቲሙም እንዲያ በአንድ ቀን አልቀላም። መጀመሪያ ነጣ አለ፤ ከዚያ ሥሩ አካባቢ ብርቱካን መሰለ። ይመኙሻል በማለዳ ትወጣለች፤ ታያለች፤ ትገባለች። አንዳንዴ ከእሷ በፊት ሐያት ቁጢጥ ብላ ታገኛታለች፤ ቀላህ ወይ እያለች ስትጠይቅ። ሰማዩ መክበድ በጀመረበት ሰሞን፣ ሰኔ ሳይገባ፣ አንዱ ቀላ። ከሽንሽኑ እጥፋት አንስቶ እስከ ዓይኑ ድረስ ቀላ።

ይመኙሻል ሻምበልንና ዘምዘምን ጠርታ በፊታቸው ቆረጠችው። ዘሩን አንጠፍጥፋ አመድ ላይ ረጨችው። የቀረውን በጨው ቆራርጣ አቀረበችላቸው፤ ለእያንዳንዱ ሰው ከአንድ ቁራሽ አላለፈም። እሷም በላች። ጣዕሙ ያው ነበር፤ ቆምጠጥ የሚል።

ሻምበል ቁራሻቸውን ውጠው ከወንበራቸው ጀርባ አንድ ነገር ጎተቱ። ባዶ የቀለም ባልዲ ነው፤ ሥሩ በሚስማር ተበስቷል።

«ይመኙሻል» አሉ፤ «ከዚህ ዘር ለእኔም ትሰጪኛለሽ? ምስጋናው ጠጠሩን ስንት ጣት ነበር የሚያነጥፈው?»

ዘምዘምም ቀበል አድርጋ፣ ሲባጎውን ሲያስርስ እንዴት ነበር የሚቋጥረው እትዬ፣ እሱን ያሳዩኝ አለች።

ይመኙሻል እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተነሣች። በግድግዳው ሚስማር ላይ ያለውን አንዱን ቋጠሮ ያዘች። ፈታችው። እንዴት እንደሚታሰር እንዲያዩ፣ በዝግታ፣ መልሳ አሰረችው።

ተረቴም እዚህ ላይ ቀላ። ያልበሰለ የቀረው ካለ ፀሐይ ትጨርስለት።